ከግራንቢ እስከ ፓሳዴና፤ ዘረ መሉ የተለወጠው አይጥ በአንጎል ምርምር ታሪክ

በሎስ አንጀለስ ከተማ ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ጎዳና ባለው የፌርፋክስ ክፍል፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈራችን፣ የእናቱን መርሳት ወይም የአባቱን በስትሮክ መመታት የሚያወራ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። የእነዚህን ደዌያት ምስጢር ለመፍታት በዓለም ከተደረገው የረጅም ዘመን ድካም ቀላል የማይባለው ክፍል ግን ከዚሁ ሰፈር እምብዛም በማይርቅ ስፍራ፣ በምዕራብ በኩል በዩሲኤልኤ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በፓሳዴናው ካልቴክ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በአርቫይን ዩኒቨርሲቲ መፈጸሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የዚህ ድካም ዋና መሣሪያ የሆነው ፍጥረትም አይጥ ነው፤ ያውም በጓዳ የምናውቀው ሳይሆን፣ ትውልዱ በመዝገብ የተጻፈ፣ ዘረ መሉም በሰው እጅ የተለወጠ አይጥ ነው። ስለዚህ አይጥ የሚሰማው ወሬ ቁርጥራጭ ነው፤ አንድ ቀን አይጥ ከአልዛይመር ዳነ ይባላል፣ በሌላ ቀን ለአይጥ የሠራው መድኃኒት ለሰው አልበጀም ይባላል። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚገባው ነገሩን ከመነሻው ለተከተለ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1900 እስከ 1947፤ የዘር ሐረግ መዝገብ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ግራንቢ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ መምህርነታቸውን የተዉ አቢ ላትሮፕ የሚባሉ ሴት ዶሮ ማርባት ሞክረው ስላልቀናቸው፣ በጊዜው ሰዎች ለመዝናኛ ይገዟቸው የነበሩትን ባለ ልዩ ልዩ ቀለም አይጦች ማርባት ጀመሩ። የሜንዴል የውርስ ሕግ ከመረሳት ወጥቶ እንደገና የታወቀው በዚያው ወራት ስለ ነበረ፣ ሕጉ በእንስሳት ላይም መጽናቱን ለማየት የሚሹ ሊቃውንት፣ በተለይም የሃርቫርዱ ዊልያም ካስል፣ ከላትሮፕ ግቢ አይጥ ይገዙ ነበር። ላትሮፕም ሻጭ ብቻ አልነበሩም፤ በአይጦቻቸው አካል ላይ እባጭ ቢያዩ ለሊቃውንት ልከው አስመረመሩ፣ ከዶክተር ሊዮ ሎብ ጋርም ስለ ካንሰር ያደረጉትን ጥናት አብረው አሳተሙ። ዲግሪ ሳይኖራቸው በትዝብታቸው ብቻ ወደ ምርምር ደጅ የገቡት የእኒህ ሴት ስም ከሚገባው በታች መታወሱ ያሳዝናል።

የካስል ተማሪ የነበሩት ክላረንስ ኩክ ሊትል በ1909 እኅትና ወንድም አይጦችን ትውልደ ትውልድ እያዳቀሉ፣ አንዱ ከሌላው በዘር የማይለይበትን ወገን ለማውጣት ተነሡ። እንዲህ ያለው ማዳቀል ለሃያ ትውልድ ከቀጠለ የአንድ ወገን አይጦች እንደ መንታ አንድ ዓይነት ይሆናሉና፣ ተመራማሪው በሁለት አይጦች መካከል ልዩነት ቢያይ ከዘር መጣ ወይስ ከሌላ ምክንያት ብሎ ከመዋለል ይድናል። በ1921 ሊትል ከላትሮፕ ግቢ ከመጣች፣ በቁጥር 57 ከተመዘገበች አንዲት እንስት ሲ57 ብላክ የተባለውን ጥቁር ወገን አወጡ፤ ዛሬ በአንጎል ምርምር ከሁሉ ይልቅ የሚሠራበት አይጥ የዚህች እንስት ዘር ነው። በ1929 ደግሞ በሜይን ግዛት በባር ሃርበር የጃክሰንን ቤተ ሙከራ አቋቋሙ።

በጥቅምት 1947 በዚያ አገር የተነሣ የደን ቃጠሎ ቤተ ሙከራውን ከነአይጦቹ ፈጀው። የሩብ ምዕት ዓመት የትውልድ ቈጠራ በአንድ ቀን ጠፋ ሲባል፣ ቀደም ሲል ከባር ሃርበር አይጥ የተላከላቸው ሊቃውንት ከያሉበት አገር የዚያኑ ወገን አይጦች መልሰው ላኩ፤ ሐረጉም ቀጠለ። ዕውቀትን ለባልንጀራ ማካፈል ራስን ማዳንም እንደሚሆን ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ከ1974 እስከ 1989፤ የሰው እጅ ወደ ፅንስ ገባ

እስከዚህ ድረስ ሰው የሚያደርገው ተፈጥሮ ከሰጠው መካከል መምረጥ ብቻ ነበር። በ1974 ሩዶልፍ ዬኒሽና ቢያትሪስ ሚንትስ የቫይረስ ዘረ መል ወደ አይጥ ፅንስ ጨምረው በአካለ መጠን በደረሱት አይጦች ውስጥ አገኙት፤ በ1980 በዬል ዩኒቨርሲቲ ጆን ጎርደንና ፍራንክ ረድል በቀጭን የብርጭቆ መርፌ ዘረ መልን በቀጥታ ገና ወደ ተፀነሰው ዕንቍላል አስገቡ። በ1982 ሪቻርድ ፓልሚተርና ራልፍ ብሪንስተር የአይጠ መጎጥን የዕድገት ሆርሞን ዘረ መል የተቀበሉ፣ ከወንድሞቻቸው እጥፍ ሊያህሉ የተቃረቡ አይጦችን ባሳዩ ጊዜ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ጻፉ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ መጨመር እንጂ ማረም አይችልም ነበር፤ የተጨመረው ዘረ መልም በየትኛው ስፍራ እንደሚያርፍ አይታወቅም። የአንዱን ዘረ መል ሥራ ለማወቅ ያንኑ ለይቶ ማጥፋትና የሚጐድለውን መመልከት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው መንገድ በሦስት ሰዎች ድካም ተከፈተ። በ1981 በእንግሊዝ አገር ማርቲን ኤቫንስ ከማቲው ካውፍማን ጋር ከአይጥ ፅንስ ግንደ ሕዋሳትን አውጥተው በብርጭቆ ውስጥ አሳደጉ፤ በዚያው ዓመት ጌይል ማርቲንም በሳን ፍራንሲስኮ ከዚሁ ደረሱ። ኦሊቨር ስሚዚስና በዩታ የነበሩት ማሪዮ ካፔኪ ደግሞ በየፊናቸው፣ ወደ ሕዋስ የገባ ዘረ መል አምሳያውን ፈልጎ በስፍራው እንዲተካ የሚያደርገውን ስልት አገኙ።

የካፔኪ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ በኢጣልያ መንገዶች ላይ ያለ አሳዳጊ የተንከራተቱ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከእናታቸው ጋር ወደ አሜሪካ የመጡ ሰው ናቸው። በ1980 ለመንግሥቱ የጤና ተቋም የምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ፣ በአጥቢ እንስሳ ሕዋስ ዘረ መልን በስፍራው መተካት አይሆንም ተብሎ ያ ክፍል ተነቀፈባቸው፤ እሳቸው ግን ለሌላው ሥራ ከተፈቀደው ገንዘብ ወደዚያው አዙረው ቀጠሉ። በ1989 አንድ የተወሰነ ዘረ መል የጠፋባቸው፣ ጉድለቱንም ለልጆቻቸው የሚያወርሱ አይጦች ተወለዱ። ካፔኪ፣ ኤቫንስና ስሚዚስ በ2007 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከ1983 እስከ 1992፤ ትውስታ በዘረ መል ተፈተነ

በፓሳዴና በካልቴክ ሜሪ ኬኔዲ የተባሉ ሊቅ በ1983 ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት በሚቀባበሉበት መገናኛ ላይ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን ካምኪናዝ 2 መሆኑን የሚያስረዳ ሥራ አወጡ። ይህ ፕሮቲን ካልሲየም ሲነካው ይነቃል፤ ከነቃ በኋላም ለጊዜው ነቅቶ ሊቈይ ይችላል። የሆነውን ነገር ይዞ የሚያቈይ ቅመም በአንጎል ውስጥ ቢኖር ይህ ሊሆን ይችላል ብለው ብዙዎች አሰቡ፤ ማሰብ ግን ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃውን የፈለጉት ልጅነታቸውን በሉዋንዳ፣ በአንጎላ ያሳለፉት የፖርቱጋል ተወላጅ አልሲኖ ሲልቫ ናቸው። በዩታ ዘረ መልን አጥንተው ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዱ፤ በዚያም ስለ ፀረ እንግዳ አካላት ባደረጉት ምርምር በ1987 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ከሱሱሙ ቶኔጋዋ ዘንድ፣ ካምኪናዝ 2 የጠፋበትን አይጥ አወጡ። አይጡ በደፈረሰ ውኃ የተሞላ ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ ከውኃው በታች የተሸሸገውን መቆሚያ በግድግዳው ምልክቶች እየተመራ እንዲያገኝ የሚያስገድደው የሪቻርድ ሞሪስ ፈተና ያን ጊዜ የታወቀ ነበር። ዘረ መሉ የጐደለው አይጥ ይዋኛል፣ ያያል፤ ነገር ግን ትናንት ያገኘውን ስፍራ ዛሬ አያውቀውም። ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎሉ ክፍልም የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነት ከተደጋገመ መልእክት በኋላ እንደሚገባው አልጠነከረም።

በ1992 ይህ ሥራ ሲታተም፣ በዚያውም ዓመት ሴት ግራንትና ኤሪክ ካንደል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፊን የተባለ ዘረ መል ከጐደለው አይጥ ተመሳሳይ ነገር ሲያሳዩ፣ የዘመኑ አስተሳሰብ ተለወጠ። የልቡና ኃይል ተብሎ ለፍልስፍና የተተወው ትውስታ፣ በአንድ በተወሰነ ፕሮቲን መኖርና አለመኖር የሚለካ ሆነ። በእኔ ግምት ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ማጥራት ነበርና።

ከ1996 እስከ 1999፤ የጥርጣሬ ዓመታት

ደስታው ሳይበርድ ተቃውሞ መጣ፤ ተቃውሞውም ትክክለኛ ነበር። አንድ ዘረ መል ከፅንስ ጀምሮ ከጠፋ፣ አይጡ የማያስታውሰው ዛሬ ያ ፕሮቲን ስለሌለው ነው ወይስ አንጎሉ ሲሠራ ጀምሮ ስለ ተጣመመ? በ1996 ከቶኔጋዋ ቤተ ሙከራ ጆ ቺየንና ባልደረቦቻቸው መልስ አመጡ። ክሬ የተባለ፣ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘ ኢንዛይም ሎክስ በተባሉ ሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ዘረ መል ቈርጦ ያወጣል፤ በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ይህንን በጀርመን እነ ክላውስ ራየቭስኪ አስቀድመው ሠርተውበት ነበር። ቺየን ክሬ በአንድ የሂፖካምፐስ ክፍል ብቻ፣ ያውም አይጡ ከተወለደ በኋላ፣ እንዲሠራ አደረጉ፤ በቤት ውስጥ ካሉት መብራቶች ሁሉ አንዱን ብቻ የማጥፋት ያህል መሆኑ ነው። አይጦቹም በውኃው ፈተና ወደቁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዘር ሐረግን ይመለከታል። በዚያው በ1996 ሮበርት ገርላይ እንዳስረዱት፣ ግንደ ሕዋሱ ከአንድ ወገን አይጥ ሲወጣና አይጡ ከሌላ ወገን ጋር ሲዳቀል፣ ከተለወጠው ዘረ መል አጠገብ ያሉት ዘረ መሎች አብረው ይወረሳሉና፣ የታየው ጠባይ ከየትኛው እንደ መጣ መለየት ያስቸግራል። ሊትል ለብዙ ዘመን የደከሙበት የሐረግ ንጽሕና ጥቅሙ እንደገና ታወቀ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ ትሕትናን ያስተማረው ነው። በ1999 ጆን ክራብና ባልንጀሮቻቸው በሦስት ከተሞች፣ በፖርትላንድ፣ በአልባኒና በካናዳው ኤድመንተን፣ አንድ ዓይነት አይጦችን በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ሰዓት ጀምረው ፈተኑ፤ ምግቡን፣ ዕድሜውን፣ አያያዙን ሁሉ አስተካከሉ። ውጤቱ ግን በአንዳንዱ ፈተና ከከተማ ከተማ ተለያየ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቤተ ሙከራ ብቻ የታየን ነገር እንደ ተረጋገጠ አድርጎ የሚያወራ ሁሉ፣ ጋዜጠኛም ቢሆን ሊቅ፣ ይህን ጥናት እንዳላነበበ መቈጠር ይገባዋል።

ከ2000 እስከ 2014፤ ብርሃን የገባበት አንጎል

በአዲሱ ምዕት ዓመት አይጡ ዘረ መል የሚጐድልበት ብቻ ሳይሆን ሕዋሱ የሚታይበትም ሆነ። በ2000 ጎፒንግ ፌንግ፣ ጆሽዋ ሴንስና ጄፍ ሊክትማን የነርቭ ሕዋሳታቸው በአረንጓዴና በሌላም ቀለም የሚያበሩ አይጦችን አወጡ። በ2002 የሲ57 ብላክ ወገን የዘረ መል ጽሑፍ በረቂቅ መልክ ተነበበ። በ2003 በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የናትናኤል ሃይንትስ ማኅበር፣ በሕዋስ ዓይነት እየለየ የሚያበራ የአይጥ ስብስብ ለሊቃውንት ሁሉ ከፈተ፤ በ2010 ደግሞ የሲያትሉ አለን ተቋም ከማንኛውም የክሬ አይጥ ጋር ተዳቅለው የተፈለገውን ሕዋስ ቀለም የሚሰጡ ወገኖችን አቀረበ። በባር ሃርበር የተጀመረው የማካፈል ልማድ በዚህ ጸና።

በ2005 ኤድዋርድ ቦይደንና ካርል ዳይሰሮት በብርሃን የሚከፈት የአልጌ ፕሮቲን በነርቭ ሕዋስ ውስጥ አኑረው ሕዋሱን በብርሃን ቀሰቀሱት፤ ብዙም ሳይቈይ ፕሮቲኑን በዘራቸው የያዙ አይጦች መጡ። በካልቴክ የዴቪድ አንደርሰን ቤተ ሙከራ በ2014 በክሬ አይጥ አማካይነት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ያሉ አንድ ዓይነት ሕዋሳትን ለይቶ ቀሰቀሰ፤ ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ወንዱ አይጥ ለመሳረር ይነሣል፣ ሲበረታ ይደባደባል። በአንድ መንደር ሕዋሳት ውስጥ ሁለት ጠባይ በመጠን ብቻ መለየቱ ስለ ቍጣ የምናስበውን ሁሉ እንደገና የሚያስመረምር ነው።

የደዌ አይጦችም በዚሁ ዘመን በዙ። አይጥ በተፈጥሮው አልዛይመር አይዘውም፤ በ2003 በአርቫይን ፍራንክ ላፈርላና ሳልቫቶሬ ኦዶ ሦስት የተጐዱ ዘረ መሎችን በአንድ አይጥ አስተባብረው፣ ሁለቱንም የበሽታ ምልክቶች፣ በሕዋሳት መካከል የሚከማቸውን ንጣፍና በውስጣቸው የሚተበተበውን ድር፣ በአንድ አንጎል አሳዩ። በዩሲኤልኤ ዊልያም ያንግ በ2008 የሰውን የሃንቲንግተን ዘረ መል ሙሉ በሙሉ የያዘ አይጥ አወጡ። ወደ ሎስ አንጀለስ የመጡት ሲልቫም ለመማር መቸገርን በሚያስከትለው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ላይ ሠርተው፣ በ2005 ሎቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት የአይጦቹን ትምህርት እንዳቃና ገለጹ።

ከዚህ ላይ ሐዘኑም መነገር አለበት። ከዚያው ወገን መድኃኒት አንዱ ሲምቫስታቲን በሕፃናት ላይ ተፈትኖ በ2008 ጥቅም አልታየበትም፤ ራሱ ሎቫስታቲንም በኋላ በተደረገው ፈተና አልረዳም። በአልዛይመር አይጦች ንጣፉን ያጸዳው ክትባት በሰው ላይ ሲሞከር በአንዳንዶቹ የአንጎል መቈጣትን ስላስከተለ በ2002 ተቋረጠ። ሆኖም ከዚያ ክትባት የተነሣው ሐሳብ አልሞተም፤ ንጣፉን የሚያነሣው ሌካኔማብ በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አገኘ፤ ጥቅሙ መጠነኛ ነው፣ ጥንቃቄም ይጠይቃል። የአከርካሪ ነርቭ መድከም ለያዛቸው ሕፃናት በ2016 የተፈቀደው ኑሲነርሰንም በአይጥ ላይ ተፈትኖ ወደ ሰው የመጣ ነው። አይጥ ዋሸን ማለት ስሕተት ነው፤ አይጥ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ።

ከ2013 ወዲህ፤ የፍጥነት ዘመንና የአንድ ሐረግ ወሰን

በ2013 ያው በ1974 የተነሡት ዬኒሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር በክሪስፐር መቀስ የአይጥን ዘረ መል በፅንሱ ላይ በቀጥታ አረሙ፤ ዓመታት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሳምንታት ተፈጸመ። ነገር ግን ፍጥነቱ የሊትልን የዘር ሐረግ ጥያቄ አላስቀረውም። በካልቴክ ቪቪያና ግራዲናሩና ቤንጃሚን ዴቨርማን በ2016 ከደም ወደ አንጎል በብዛት የሚገባ፣ ዘረ መልን የሚያደርስ ቫይረስ አወጡ፤ የመረጡትም በክሬ አይጦች እየፈተኑ ነበር። ይህ ቫይረስ በሲ57 ብላክ አይጥ ድንቅ ሲሠራ፣ በነጩ ባልብ-ሲ አይጥና በዝንጀሮ እንደዚያ አልሠራም። ምክንያቱ በ2019 ታወቀ፤ ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚገባው ሊ6ኤ የተባለውን ፕሮቲን እንደ በር ተጠቅሞ ሲሆን፣ ያ በር በሁሉም የአይጥ ወገን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሰውም የለም።

በአንዱ ወገን የታየው በሌላው ላይሠራ መቻሉ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የሲልቫ ቤተ ሙከራ በ2016 ሲሲአር5 የተባለ፣ የኤችአይቪ ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባበት ፕሮቲን ሲቀነስ አይጦች የበለጠ እንደሚያስታውሱ አሳየ። በ2019 ደግሞ በዚያው በዩሲኤልኤ የቶማስ ካርማይክል ማኅበር ይኸው ፕሮቲን በማራቪሮክ፣ አስቀድሞ ለኤችአይቪ በተፈቀደ መድኃኒት፣ ሲታገድ ስትሮክ የመታቸው አይጦች ይበልጥ እንደሚያገግሙ ገለጸ፤ በሰው በኩልም ይህ ፕሮቲን በተፈጥሮ የጐደላቸው ሕሙማን የተሻለ ማገገማቸው ታየ። መድኃኒቱ በካናዳ በስትሮክ ሕሙማን ላይ ወደ መፈተን ደርሷል። ነገር ግን ያ የተፈጥሮ ጉድለት በአውሮፓ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ሲሆን በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው፤ ከሰው የተገኘው ግማሽ ማስረጃ እንግዲህ በአብዛኛው የእኛ ዘር ከሌለበት ማኅበር የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባህል መድኃኒት ተክሎች ወባን ለመከላከል የሚፈተኑት በስዊስ አልቢኖ አይጦች ላይ መሆኑ፣ ከአይጥ ወደ ሰው የሚደረገው መሻገር በአገራችንም የታወቀ ሥራ መሆኑን ያሳያል፤ የሚጐድለን መታመን ሳይሆን መገኘት ነው።

ስለዚህ በፌርፋክስና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የእናታችሁን መርሳት ወይም የአባታችሁን ከስትሮክ ማገገም የሚመለከት ጥናት ሲቀርብላችሁ፣ አስቀድሞ በየትኛው ወገን አይጥ እንደ ተፈተነና በየትኛው ሕዝብ እንደ ተደገመ በአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መልሱ ካረካችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በእነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩትንም ልጆቻችሁን የጠያቂው ወገን እንዲሆኑ ወደ ቤተ ሙከራው ላኩ።